የፍልሰታው በሬ

በዚያ ክረምት ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ፍኖተ ሰላም ላይ ማስተማር ከጀመርሁም ሁለተኛ ዓመቴ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሌሎቹ መምህራን በየአገራቸው ገቡ። እኔም ቡሬ፣ እናትና አባቴ ዘንድ መክረም ነበረብኝ። ግን የሕፃናት አቅኚዎቹን እንድመራ የተመደብሁት እኔ ስለነበርሁ ቀረሁ። የአገሩ ሽማግሌዎች "አቅኚ" የሚለው ቃል አልለመድ ብሏቸው፣ በጃንሆይ ጊዜ በሰሙት ስም "እስካውቶች" ይሏቸው ነበር። መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ባርኔጣቸውን አንሥተው "የእስካውቶቹ አስተማሪ፣ እንዴት ሰነበቱ?" ይሉኛል፤ የልጅ ልጃቸው ለመሆን የምደርሰውን እኔን አንቱ ብለው።

ልጆቹ አርባ ሦስት ነበሩ። ትንሹ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ትልቁ ዐሥራ ሦስት። ቀይ ሻሽ አንገታቸው ላይ አስረው ጠዋት ጠዋት ከችግኝ ጣቢያው ችግኝ እየተሸከሙ ከከተማው በላይ ያለውን የተራቆተ ተረተር ይወጣሉ። ጭቃው ያንሸራትታቸዋል፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ይስቃል፤ የሳቀው ደግሞ ተራው ደርሶ ይወድቃል። እያንዳንዱ ልጅ የራሱ መስመር ነበረው፤ ጉድጓዱን የሚቆፍረው፣ የሚተክለው፣ የሚጠብቀውም እሱ ነው። ሐምሌ ሲያልቅ ያ ተረተር ከሩቅ ሲታይ አረንጓዴ ፈትል የተጠለፈበት ይመስል ነበር።

በሐምሌ መጨረሻ ካድሬው ስብሰባ ጠራን። ካድሬው ከእኔ በሦስት ዓመት ቢበልጥ ነው። ቀጭን፣ አንገተ ረጅም ልጅ ነበር። ከቡሬ ማዶ ከአዊ ገበሬዎች የተወለደ ነው፤ ስድስት ወር ውጭ አገር ተምሮ መጥቷል ይባላል። ሲናገር ሰው ዐይን ውስጥ አያይም፤ ጠረጴዛው ላይ የዘረጋቸውን ጣቶቹን ነው የሚያየው።

"ጓዶች፣ እነዚህ ልጆች ክረምቱን ሙሉ ለፍተዋል" አለ። "የሽልማት ግብዣ እናደርግላቸዋለን። በቆሎ ቅቀሉና ሸኟቸው የሚባል ነገር አይደለም። በሬ ይታረዳል። በሬውን ከገበሬ ማኅበሩ ለምኜ አግኝቻለሁ። ሽልማቱን የሚሰጠው እንግዳ ደግሞ ከደብረ ማርቆስ ይመጣል።"

ዳይሬክተራችን "ቀኑስ መቼ ይሆን?" ብለው ጠየቁ።

"ነሐሴ ስምንት። ስድስት ሰዓት ላይ።"

በክፍሉ ውስጥ አምስት ሰዎች ነበርን፤ አምስታችንም የክርስቲያን ልጆች። ነሐሴ ስምንት የፍልሰታ እኩሌታ መሆኑን ያላወቀ አልነበረም። ዳይሬክተሩ መነጽራቸውን አውልቀው መወልወል ጀመሩ። የቀበሌው ሊቀመንበር መስኮቱን አየ። እኔ ደግሞ ደብተሬን ገልጬ "ነሐሴ 8፣ 6 ሰዓት፣ በሬ" ብዬ ጻፍሁ።

ፍልሰታ የልጆች ጦም ነው። ሌላውን ጦም ወላጅ ነው የሚያስጦመው፤ ፍልሰታን ግን ልጁ ራሱ ከእናቱ ጋር ተጣልቶ ይጦመዋል። "ገና ነህ፣ አትችልም" ቢሉት አይሰማም። ከነሐሴ አንድ እስከ ዐሥራ አምስት ምንም ሳይቀምስ ነጠላውን አጣፍቶ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፤ ቅዳሴው ከስምንት ሰዓት በኋላ ሲወጣ ቆርቦ፣ አፉን በነጠላው ሸፍኖ ወደ ቤቱ ይመለሳል። እኛ ደግሞ እሱ ገና ቅዳሴ ላይ ሳለ በሬ አርደን ልንጠራው ነው።

ለምን ዝም አልሽ የሚለኝ ቢኖር፣ ፈርቼ ነው። በዚያው ዓመት በሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ላይ አንዲት ባልደረባዬ ስለ ማተቧ ተጠይቃ እንባዋ ሲወርድ ተቀምጬ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ረቡዕና ዓርብ መምህራን ማረፊያ ክፍል ገብቼ ሻይ በወተት እጠጣ ነበር። ጥሞኝ አይደለም፤ ሰው እንዲያየኝ ነው።

ደግሞም እውነቱን ለመናገር ዝግጅቱን ወድጄው ነበር። በልጅነቴ ለእኔ ተብሎ የተደገሰ ድግስ አላስታውስም። የምስክር ወረቀቶቹን በቀይና በጥቁር ቀለም አንድ በአንድ በእጄ ጻፍኋቸው፤ አርባ ሦስቱንም። የአዳራሹ ጣሪያ የሚያፈስበትን ቦታ በኖራ እየከበብሁ ወንበር እንዳይቀመጥበት ምልክት አደረግሁ። ለሁሉም ልጅ ደብተርና እስክርቢቶ ተገኘ። በመስመራቸው ለበረቱ ስድስት ልጆች የእጅ ባትሪ እንሰጣለን ተባለ፤ ባትሪዎቹ መጡ፣ የባትሪ ድንጋይ ግን አልመጣም። ካድሬው አንዱን አንሥቶ ቢጫነው ቢጫነው አልበራም። "ድንጋዩን ወላጆች ይገዙላቸዋል" አለ በመጨረሻ፣ ራሱም ሳያምንበት።

ለአንደኛው ሽልማት ፍለጋ እህል በሚጭን መኪና ጋቢና ተሳፍሬ ቡሬ ሄድሁ። አባቴ ከሚያውቀው ሱቅ አንድ ጥቁር ጃንጥላ ገዛሁ፤ እጀታው እንደ ከዘራ የተቆለመመ። እናቴ ጃንጥላውን ዘርግታ እያየች፣ "የልጅ ድግስ ደግ ነው" አለች። ቀጥላም፣ "ቀኑን የቆረጠው ሰው ግን አገሩ የት ነው?" አለች። አገሩ እዚሁ ማዶ መሆኑን ስነግራት ጃንጥላውን አጥፋ ሰጠችኝና ሌላ ወሬ ጀመረች።

አንደኛ የምትወጣዋ ልጅ ታውቃ ነበር። ከዳይሬክተሩ ጋር መስመር ለመስመር እየዞርን የጸደቀውን ስንቆጥር፣ አንድም ችግኝ ያልደረቀባት እሷ ብቻ ሆና ተገኘች። የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት። አባቷ ከከተማው ጥግ ያርሳል። ፍየል እንዳይነካባት እያንዳንዷን ችግኝ በእሾህ አጥራ ነበር፤ እሾኹን የቆረጠችበት እጇ ሁሉ ተቧጭሯል።

ነሐሴ በገባ በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ይህች ልጅ የተከራየኋት ክፍል በር ላይ መጣች። ከቅዳሴ መመለሷ ነው፤ ነጠላዋን እንዳጣፋች ነው።

"ቲቸር፣ አንደኛ የወጣ ልጅ የሚሸለመው ከበላ በኋላ ነው?"

"ለምን ጠየቅሽ?"

"ሳይበላ መሸለም ይቻል እንደሆነ ብዬ ነዋ።"

 እሷ እግሯን እያየች ቀጠለች።

"ከሰባት ዓመቴ ጀምሬ ነው የምጦም። አንድም ቀን አላጎደልሁ። ግድ ብሉ የምትሉን ከሆነ ለሁለተኛው ልጅ ስጡት። እኔ ቅዳሴ እሄዳለሁ።"

ይህን ያለችው እየተቆጣች ወይም እያለቀሰች ቢሆን ኖሮ አባብዬ እልካት ነበር። እሷ ግን የገበያ ጉዳይ እንደሚነጋገር ትልቅ ሰው ረጋ ብላ ነው። "ቆይ፣ እኔ እጠይቃለሁ" አልኋት። ምን ቃል እንደገባሁ የታወቀኝ ከሄደች በኋላ ነው።

በማግስቱ ካድሬው ቢሮ ሄድሁ።

"ጓድ፣ ቀኑን ወደ ፊት ብንገፋው?"

"እንግዳው ከስምንት ቀን ሌላ ጊዜ የለውም። ምን ሆነ?"

"ልጆቹ..."

"ልጆቹ ምን?"

"ይጦማሉ።"

ይጮኽብኛል ብዬ ነበር። አልጮኸም። ጣቶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

"እኛ ቤት ስምንት ልጆች ነበርን" አለ። "ሥጋ የምናየው በዓመት ሁለቴ ነው፤ ለፋሲካና ለመስቀል፣ እሱም ቅርጫ። አባቴና እንግዶቹ በልተው እስኪነሡ እኛ ጓዳ ቆመን እንጠብቃለን። ከዚያ አጥንቱ ይመጣልናል፤ ስምንት ልጅ በአንድ አጥንት። ያን ጊዜ ለራሴ ምን እንዳልሁ ታውቂያለሽ? አንድ ቀን ሥጋ መጀመሪያ ለልጅ የሚቀርብበት ድግስ እደግሳለሁ አልሁ። ከእንግዳው በፊት፣ ከእኔም በፊት። ይህን በሬ ለማግኘት ገበሬ ማኅበሩ ቤት ሦስት ጊዜ በእግሬ ተመላልሻለሁ። አሁን አንቺ መጥተሽ ጦም ትይኛለሽ።"

ልናደድበት ተዘጋጅቼ ነበር የሄድሁት። ከቢሮው ስወጣ ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም።

ከዚያ ወላጆች መምጣት ጀመሩ። አንዳቸውም ስለ ጦም አላነሡም፤ ጎጃሜ ነገሩን እንደዚያ ፊት ለፊት አያመጣውም። መጀመሪያ የመጡት አንድ ሸማ ለባሽ አባት ነበሩ።

"አስተማሪ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ያች ልጄ ነሐሴ ስምንት ቀን ትታመማለች።"

"አባባ፣ ዛሬ እኮ ገና ነሐሴ አራት ነው። እንዴት አወቁ?"

"አይ፣ ልጄን አውቃታለሁ" አሉኝ።

ቀጥላ የመጣችው እናት ልጇን ግሽ ዓባይ ጠበል ልትወስደው ነው። ሌላዋ የልጇ አጎት ማንኩሳ ላይ ስለሚታመሙ ልጁ ሊጠይቃቸው ይሄዳል፤ "ስለሚታመሙ" ነው ያለችኝ፣ "ስለታመሙ" አይደለም። በሁለት ቀን ውስጥ ሃያ ስድስት ልጆች ነሐሴ ስምንት የሚያም በሽታ ያዛቸው። ስማቸውን እየጻፍሁ "እግዜር ይማራቸው" እላለሁ፤ ወላጆቹም "አሜን፣ ይድናሉ፣ ለማግስቱ ይድናሉ" ይሉኛል።

ዝርዝሩን ይዤ ወጥ ሠሪዋ ዘንድ ሄድሁ። በከተማው ሠርግም ተዝካርም ያለ እሳቸው አይደገስም ነበር። ሰፊ ትከሻ፣ ጎርናና ድምፅ ያላቸው ባልቴት ናቸው፤ በጋብቻ መጥተው ፍኖተ ሰላም ቀሩ እንጂ ያደጉት በአዊ አገር ነው። እኔ እቴቴ እላቸዋለሁ።

"ስንት ሰው ነው የሚበላው?" አሉኝ።

"አርባ ሦስት ልጆች፣ ከወላጆችና ከእንግዶች ጋር መቶ ይሆናል።"

"የተጠራውን ነው የምትነግሪኝ ወይስ የሚመጣውን?"

ይህን ሲሉኝ እንባዬ መጣ። ሁሉንም ነገርኋቸው፤ የልጅቱን ጥያቄ፣ የካድሬውን አጥንት፣ የነሐሴ ስምንትን በሽታ። ሽንኩርቱን መላጥ ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

"እንግዲህ ነገር ሳይደርቅ በርጥቡ ነው" አሉ። "ሰዓቱን አንች እይው። ድስቱን ለኔ ተይው። እኔ ለድግስ ስጠራ የታዘዝሁትን ብቻ ሠርቼ አላውቅም።"

እንዲህ እያወራን ካድሬው ዕቃ መሟላቱን ሊያይ መጣ። እቴቴ ቀና ብለው አዩትና በአዊኛ አንድ ነገር አሉት። ፊቱ ሲበራ አየሁ። መለሰላቸው፤ እሳቸውም ጨመሩለት፤ ሁለቱም ሳቁ። በዚህ ሁሉ ጊዜ እሱ ሲስቅ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቁት። ሳቁ ቀረ። አንዲት ቃል መልሶ፣ ድስቱን ሳያይ፣ ምጣዱን ሳይቆጥር ወጣ።

"ምን አሉት እቴቴ?"

"እናትህ ደህና ናት ወይ አልሁት። ደህና ናት አለኝ። ፍልሰታን ዛሬም ውሃ ሳትቀምስ ነው የምትውል ወይ አልሁት።"

"ምን አለ?"

"'አዎ' አለ። ሌላ ምን ይበል? እናቱ እኮ ናት።"

"እናቱን ያውቋታል?"

"የት አውቃት! የዚያ አገር ሴት ሁሉ እንደዚያ ናት" አሉና ወደ ሽንኩርታቸው ተመለሱ።

እቤት ገብቼ የጥሪ ወረቀቱን ጻፍሁ። ሰዓቱ ጋ ስደርስ ግን "ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት" ብዬ ጻፍሁ። ለማስፈረም ስወስድለት ካድሬው ወረቀቱን አነበበና እንደገና አነበበው።

"ስድስት ሰዓት አልነበረም የተባለው?"

"መንገዱ ጭቃ ነው ጓድ። እንግዳው ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ስድስት ሰዓት ላይ አይደርስም።"

 ወረቀቱን አየ፤ እኔን አየ። ዐይኔን ሲያይ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ ፈረመ።

"ምግቡ ግን አይለወጥም" አለ አቀርቅሮ።

በሬው በነሐሴ ሰባት ማታ ደረሰ፤ ቀይ፣ ቀንዱ ወደ ፊት የቀና ወይፈን። ትምህርት ቤቱ ግቢ ባሕር ዛፍ ሥር ታሰረ። ሁለት አራጆች ተነግሯቸዋል፤ ጎሕ ሲቀድ ሊመጡ ነበር። በማግስቱ እኔ ግቢው ስደርስ በሬው ቆሞ ሣር እየበላ ነው። አንደኛው አራጅ እጁ አብጦ አደረ ተባለ። የሁለተኛው ቢላ ጠፋ።

ካድሬው ከተማውን ዞረ። የሥጋ ቤቱ ባለቤት ቤቱን ከሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ ዘግቶ ቡሬ ወርዷል። የሚያርድ ሰው የሚባል ሁሉ ወይ ታሟል፣ ወይ ማሳ ሄዷል፣ ወይ ቢላው ጠፍቷል። አራት ሰዓት ላይ ካድሬው እስከ ጉልበቱ ጨቅይቶ ተመለሰ፤ ከአንድ ቤት የተዋሰው ቢላ በእጁ ነው። በሬው ፊት ቆመ። የገበሬ ልጅ ነው፣ ራሱ ያርደዋል ብዬ አሰብሁ። በሬው ቀና ብሎ እጁን አሸተተው። ካድሬው ጥቂት ቆይቶ ቢላውን ወደ እኔ ዘረጋልኝ፤ ተቀበልሁት።

"ሌላ የሚበላ ነገር አለ?" አለኝ በቀስታ።

"አለ።"

"ለስንት ሰው?"

ከኋላችን እቴቴ፣ "ለመጣው ሁሉ" አሉ። ከሌሊት ጀምረው ይሠሩ ነበር፤ ማደሪያ ቤታቸው በትምህርት ቤቱ አጥር ጥግ ስለሆነ ድስቶቹ በአጥሩ ቀዳዳ አንድ በአንድ ገብተው አልቀዋል።

ካድሬው አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። "ለእንግዳው ምን እላለሁ? ስለ በሬው ደብዳቤ ጽፌለታለሁ እኮ። በሬ እንደሚታረድ ያውቃል።" አጠገቡ ተቀመጥሁ።  እንደዚያው እንደተቀመጥን ዝናብ ጀመረና ወንበሮቹን ወደ አዳራሹ ማስገባት ጀመርን፤ እሱ በአንድ ጫፍ፣ እኔ በአንድ ጫፍ።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል ልጆቹ ከቤተ ክርስቲያን በኩል ሲመጡ አየኋቸው። በመስመር አይደለም፣ እንደ በግ ተበታትነው ነው። በሩ ላይ ሲደርሱ ነጠላቸውን እያወለቁ፣ እያጣጠፉ በብብታቸው ይይዛሉ፤ ከኪሳቸው ቀዩን ሻሽ አውጥተው አንዱ ለአንዱ ያስራል። ቆጠርኋቸው፤ አርባ አንድ። የበሬው አለመታረድና የእቴቴ ድስት ወሬ ከተማውን አዳርሶ ኖሯል። ነሐሴ ስምንት ትታመማለች የተባለችውም ልጅ ከፊት ነበረች። አባቷ ከኋላ ቆመው፣ "ተሻላት" አሉኝ።

እንግዳው ጭቃ በለበሰች ላንድሮቨር መጣ። ጠጉሩ መሸበት የጀመረ፣ ወፍራም፣ ድምፁ ግን ለስላሳ ሰው ነው። በዋናው ጠረጴዛ ዳይሬክተሩ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር፣ ካድሬውና እኔ ከእሱ ጋር ተቀመጥን። ካድሬው ላብ በላብ ሆኗል። ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ጓድ፣ በምግቡ በኩል አንድ ችግር ገጥሞናል። በሬው..."

"ሥጋ ነው እንዴ?" አለ እንግዳው።

"አዎ። ማለቴ... ሊሆን ነበር።"

"ታዲያ እኔን ይቅርታ ልታደርጉልኝ ነው። ሐኪም ሥጋ እንዳልቀምስ አዞኛል።"

"ምን ነካዎት ጓድ?" አሉ ዳይሬክተሩ ደንገጥ ብለው።

"ጨጓራ ነው።" እጁን ሆዱ ላይ አደረገ። ከዚያ ማንንም ሳያይ፣ "እስከ ነሐሴ ዐሥራ አምስት ነው የከለከለኝ" አለ።

 ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ይሰማል። ከመጋረጃው በስተኋላ የእቴቴ ጎርናና ሳቅ ፈነዳና መልሰው በእጃቸው አፈኑት። ዳይሬክተሩ መነጽራቸውን አውልቀው፣ "አይ የእግዜር ነገር፣ እኔንም እስከዚያው ቀን ነው የከለከለኝ" አሉ። ሊቀመንበሩ የእሱም ጨጓራ እንደዚያው እንደሆነ ተናገረ። ካድሬው መጀመሪያ ግራ ገብቶት አንዱን ሲያይ አንዱን ሲያይ ቆየ። ሲገባው ጆሮው ቀላ። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ተቀመጠ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ እያለቀሰ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሳቅ ነው።

ሲነሣ ግን ቀጥ ብሎ ጓዳ ገባና ጭልፋ ይዞ ወጣ። "መጀመሪያ ልጆቹ" አለ። እንግዳው ሳይቀርብለት፣ እኛም ሳይቀርብልን፣ በየወንበሩ እየዞረ ለልጆቹ በእጁ አወጣላቸው። ምስር ወጥ ነበር፣ ድንች አልጫ፣ ጎመን፣ ትልቅ ድስት ሽሮ፤ ከሁሉም በላይ ግን ልጆቹ የተሻሙበት የሱፍ ፍትፍት ነበር። ከጠዋት ጀምረው ውሃ ሳይቀምሱ የዋሉ ልጆች ሲበሉ ማየት ምን ያህል ደስ እንደሚል ያየ ያውቀዋል። 

ከዚያ ሽልማቱ ሆነ። ስማቸውን ስጠራ እየተንደረደሩ ይመጣሉ፤ ሰላምታ መስጠቱን ረስተው መሬት ስመው የሚመለሱም ነበሩ። ባትሪ የደረሳቸው ስድስቱ ልጆች ድንጋይ አለመኖሩን አይተው ምንም አላሉም፤ በአፋቸው "ጧ" እያሉ እርስ በርስ ሲያበሩ ዋሉ። በመጨረሻ አንደኛዋን ጠራሁ። እንግዳው ጃንጥላውን በሁለት እጁ ሲሰጣት ጎንበስ ብላ ጉልበቱን ልትስም ሞከረች፤ እሱ ግን ቀድሞ ጎንበስ አለና ግንባሯን ሳማት።

"ስንት ችግኝ ተከልሽ?" አላት።

"መቶ ሃያ።"

"ስንቱ ደረቀ?"

"ኧረ ምኑ ይደርቃል!" አለች፣ የተሰደበች ያህል።

ስንበተን ዝናቡ አልቆመም ነበር። ልጅቱ ጃንጥላውን ትዘረጋለች ብዬ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። እሷ ግን ነጠላዋን አውጥታ ጃንጥላውን ጠቀለለችው፣ እንዳይረጥብባት በብብቷ አጥብቃ ያዘችውና በዝናቡ ውስጥ ሮጠች።

በሬው ስምንት ቀን ባሕር ዛፉ ሥር ከረመ። ልጆቹ ከቅዳሴ ሲመለሱ ሣር እያጨዱ ያመጡለት ነበር፤ እኔም እንዳይላመዱት ብዬ ብከለክል የሰማኝ የለም። ነሐሴ ዐሥራ ስድስት ጠዋት የአንደኛው አራጅ እጅ ድኖ፣ የሁለተኛውም ቢላ ተገኝቶ መጡ። ስለ እንግዳ፣ ስለ ንግግር የተነሣ ነገር አልነበረም። ማንም ጥሪ አልጻፈም። አርባ ሦስቱም መጡ፤ ታናናሾቻቸውንም ይዘው።

ጥቂቶቹ በሬውን አስበው መጀመሪያ አኮረፉ፤ አንድ ትንሽ ልጅ አልቅሶም ነበር። የጥብሱ ሽታ ሲወጣ ግን ኩርፊያው አልጸናም። ካድሬው እጅጌውን ጠቅልሎ፣ ሰሌን ላይ ተንበርክኮ ሥጋ ሲቆርጥ ዋለ። አጥንቱን ወደ ጎን እያደረገ ሙዳ ሙዳውን ነው ለልጆቹ የሚሰጥ። እቴቴ፣ "ኧረ አጥንቱን ለመረቅ አምጣው፣ ምን ሠራህ?" ብለው ቢጮኹበትም አልሰማቸውም።

ወደ ማታ ሲል መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። እጁ እስከ ክርኑ ጮማ ነው።

"ጠገቡ?" አለኝ።

"ጠገቡ።"

"ያች ባለ ጃንጥላዋስ?"

"ሦስተኛ ጊዜ ስትወስድ አይቻታለሁ።"

ራሱን ነቀነቀ። ትንሽ ቆይቶ፣ "የስምንቱን ቀን ሪፖርት ምን ብለሽ ጻፍሽው?" አለ።

"ግብዣው በጥሩ ሁኔታ ተከናወነ ብዬ።"

"ሥጋውንስ?"

"ሥጋ አላልሁም። ምግብ ነው ያልሁት።"

"ደግ አድርገሻል" አለ። ከዚያ ተነሥቶ፣ እጁን ሣሩ ላይ አብሶ፣ ከሰሌኑ ላይ ለራሱ ትንሽ ቆርጦ ቆሞ መብላት ጀመረ። ልጆቹ ግቢው ውስጥ ይሯሯጣሉ፤ ሰማዩ በግሽ በኩል እየጠቆረ ነበርና እኔ ወንበሮቹን ለማስገባት የሚያግዘኝ ሰው መፈለግ ጀመርሁ።